የበረዶ ባር ጉብኝት፦ ከትኬቱ እስከ መውጫው በር

ግድግዳው በረዶ፣ ባንኮኒው በረዶ፣ መቀመጫው በረዶ፣ የሚጠጣበት ብርጭቆም በረዶ ነው። ክፍሉ በጋ ከክረምት ከዜሮ በታች 5 ወይም 6 ድግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቆያል። ስቶክሆልም አለ፣ ዱባይ አለ፣ ላስ ቬጋስም አለ። ሦስቱም የእኛ ሰው በብዛት የሚኖርባቸው ከተሞች ስለሆኑ፣ ዘመድ ልጠይቅ ብሎ የሄደ ሰው አንድ ቀን «ና እስቲ አንድ ነገር ላሳይህ» ተብሎ ሊወሰድ ይችላል።

ታዲያ ብዙ ሰው ሳይዘጋጅ ይገባል። በነጠላ ጫማ ይመጣል፣ የስልኩ ባትሪ አልቋል፣ ጣቶቹ ሲደነዝዙበት በአሥር ደቂቃ ውስጥ ወደ በሩ ይሸሻል፣ ከወጣ በኋላ ደግሞ «ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የከፈልኩት?» ይላል። እኔ የምመክራችሁ እንደ መጠጥ ቤት እንዳትሄዱበት ነው። በመጠጥ ቤት ዓይን ካያችሁት ውድ ነው፣ ጠባብ ነው፣ ሳትጠግቡ ሰዓታችሁ ያልቃል። የሰው እጅ የቀረጸውን በረዶ ለማየት ብላችሁ ከሄዳችሁ ግን ሌላ ነገር ነው። እንግዲህ ያቺን አጭር ሰዓት ሳትንቀጠቀጡ፣ ዓይናችሁ በረዶው ላይ ሆኖ እንድታሳልፉ ደረጃ በደረጃ እንሂድ።

መጀመሪያ የትኛውን እንደምታዩ ወስኑ

ሦስቱም አንድ አይደሉም። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጠራው።

የነገሩ ሁሉ ምንጭ ስዊድን ነው። ሰሜን ጫፍ ላይ፣ ኪሩና ከተማ አጠገብ፣ ከአርክቲክ ክበብ በላይ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ዩካስያርቪ የምትባል መንደር አለች። አይስሆቴል የሚባለው ከበረዶ የሚሠራ ሆቴል ከ1989 ጀምሮ እዚያ ነው ያለው። ቶርነ የሚባለው ወንዝ በክረምት ሲጋገር፣ መጋቢት አካባቢ በረዶውን በትልልቅ ብሎክ ይቆርጡታል። አንዱ ብሎክ ሁለት ቶን ገደማ ይመዝናል። በጋውን በቀዝቃዛ መጋዘን አስቀምጠውት ክረምት ሲመጣ ሆቴሉን እንደገና ይሠሩበታል፤ ፀደይ ሲደርስ ሆቴሉ ቀልጦ ወደ ወንዙ ይመለሳል። በየዓመቱ አዲስ ንድፍ፣ አዲስ ቀራጺዎች። ከ2016 ወዲህ ደግሞ በጋም የማይቀልጥ ክፍል አለው፤ የሚያቀዘቅዘው በፀሐይ ኃይል ነው። ፀሐይ በማትጠልቅበት የሰሜን በጋ፣ በዚያችው ፀሐይ ኃይል በረዶ ማቆየት! ይህን ስሰማ ሁሌም ይገርመኛል።

የስቶክሆልሙ አይስባር የዚሁ ሆቴል ቅርንጫፍ ነው። የተከፈተው በ2002 ሲሆን፣ ዓመቱን ሙሉ ክፍት የሆነ የመጀመሪያው ቋሚ የበረዶ ባር ተብሎ ይታወቃል። በረዶው የሚመጣው ከዚያው ከቶርነ ወንዝ ነው። ከዋናው ባቡር ጣቢያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ባቡር ለምትጠብቁም ይመቻል።

የዱባዩ ቺልአውት ይባላል፤ ሼክ ዛይድ መንገድ ላይ ባለው ታይምስ ስኩዌር ሴንተር የገበያ ማዕከል ውስጥ በ2007 ተከፈተ። እዚያ አልኮል የለም። ጁስ፣ ሞክቴልና ትኩስ ቸኮሌት ነው የሚቀርበው። ስለዚህ ልጆች ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብና መጠጥ ለማይቀምስ ሰው ከሦስቱ የሚመቸው ይሄኛው ይመስለኛል። የላስ ቬጋሱ ማይነስ 5 ደግሞ ማንዳሌይ ቤይ ውስጥ አለ፤ እሱ ሞቅ ያለ የፓርቲ ቤት ነው፣ ሙዚቃ፣ ጫጫታ፣ ልደት የሚያከብር ሰው አይጠፋውም።

ምርጫው የእናንተ ነው። ክረምት ላይ ስዊድን ከሆናችሁና ጊዜውም ገንዘቡም ካላችሁ ግን ስቶክሆልም ላይ አትቁሙ፤ ወደ ዩካስያርቪ ዝለቁ። ከስቶክሆልም ኪሩና ሌሊቱን የሚጓዝ ባቡር አለ። ሆቴሉ ውስጥ ማደርም ግዴታ አይደለም፤ ቀን ቀን ትኬት ቆርጦ ክፍሎቹንና ባሩን እያዞሩ ማየት ይቻላል። ከተማ ውስጥ የምታዩት አንድ ክፍል ነው፣ እዚያ ግን ኮሪደሩ፣ አዳራሹ፣ አልጋው ሁሉ በረዶ ነው።

ትኬቱ

ከመውጣታችሁ በፊት ክፍት መሆኑንና ሰዓቱን ከራሳቸው ድረ ገጽ አረጋግጡ። ለእድሳት የሚዘጉበት ጊዜ አለ፣ ምክንያቱም በረዶው በየጊዜው ይቀየራል። ከዚያ ቀድማችሁ ቦታ ያዙ። አርብና ቅዳሜ ማታ ዝም ብሎ ሄዶ መግባት አስቸጋሪ ነው፤ ቢገባም ወረፋ አለ።

የምትይዙት ቦታ የተወሰነ ሰዓት አለው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ይህን ያደረጉት ገንዘብ ለመሰብሰብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ሰው ዝም ብሎ ቆሞ እንኳ 100 ዋት ያህል ሙቀት ይለቃል። 50 ሰው ሲሰበሰብ 5 ሺህ ዋት ነው። ሰው በገደብ ካልገባ ግድግዳው ላይ የተቀረጸው ሁሉ ቅርጹ እየሟሟ ይሄዳል። እናም አርፍዳችሁ ከደረሳችሁ ያለፈው ሰዓት አይተካላችሁም። 15 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ።

ትኬቱን ስትቆርጡ ሦስት ነገር አንብቡ። የሚያለብሱት ካባና ጓንት በዋጋው ውስጥ አለ ወይ? የመጀመሪያው መጠጥስ? ልጅ እስከ ስንት ሰዓት ይገባል? በብዙዎቹ ቤቶች ቀን ላይ ልጅ ከወላጁ ጋር ይገባል፣ ሲመሽ ግን ለአዋቂ ብቻ ይሆናል። መታወቂያም አትርሱ። ባር ውስጥ ለመጠጣት ስዊድን 18፣ አሜሪካ 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ ጸጉራችሁ ሸብቶም ቢሆን መታወቂያ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ስዊድን ደግሞ ጥሬ ገንዘብ የማይቀበል ቤት ብዙ ስለሆነ ካርድ ያዙ።

አለባበስ፣ እዚህ ላይ አትቀልዱ

ሰው ሁሉ «ካባ ይሰጡናል» ብሎ ይዝናናል። አዎ ይሰጣሉ። ኮፍያ ያለው ወፍራም ካባ ነው፣ ጓንትም አብሮ ይመጣል። ግን ካባው የሚሸፍነው ከትከሻ እስከ ጉልበት ነው። ብርዱ የሚገባው ደግሞ ከታች ነው፤ የቆማችሁት በረዶ አጠገብ፣ አንዳንዴም በረዶ ላይ ነው።

ስለዚህ ከእግር ጀምሩ። የተዘጋ፣ ሶሉ ወፈር ያለና የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ። ስኒከር ይበቃል፣ ቡትስ ከሆነ እሰየው። ሸበጥ፣ ነጠላ ጫማና ሂል ቤት ይቅር። ሂል የሚያስቸግረው ለብርዱ ብቻ አይደለም፤ እርጥብ በረዶ ላይ ወድቆ እጅ መሰበርም አለ። የሱፍ ካልሲ ካላችሁ እሱን አድርጉ። ሁለት ካልሲ ደርባችሁ ጫማው የሚጠብባችሁ ከሆነ ግን አንዱን አውልቁ፣ ምክንያቱም የተጣበቀ እግር ደም በደንብ ስለማይዘዋወርበት ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ከላይ ደግሞ አንድ በጣም ወፍራም ልብስ ከመልበስ ሁለት ሦስት ቀጫጭን መደረብ ይሻላል። በልብሶቹ መሃል የሚቀረው አየር ነው ሙቀታችሁን የሚይዘው። ሴቶች ቀሚስ ከመረጣችሁ ከሥሩ ወፍራም ታይት አይቅር። አንገታችሁ ላይ ሻርፕ ጣል አድርጉ። ጆሮ ላይ ያለ ትልቅ የብረት ጌጥም ቶሎ ቀዝቅዞ ጆሮን ያሳምማል፣ ከመግባታችሁ በፊት አውልቁት።

በተለይ ዱባይ ያላችሁ ልብ በሉ። ውጭው 40 ድግሪ ሆኖ እናንተ ቲሸርት ለብሳችሁ ታክሲ ውስጥ ስትገቡ የሱፍ ካልሲ ትዝ አይላችሁም። ቦርሳ ውስጥ ይዛችሁት ሂዱና እዚያ ስትደርሱ ቀይሩ። ላብ ካለባችሁ ደግሞ ገበያ ማዕከሉ ውስጥ ጥቂት ተቀመጡና ይድረቅላችሁ። እርጥብ ገላ ይዞ ከ40 ወደ 6 ድግሪ ከዜሮ በታች መግባት ብርዱን እጥፍ ያደርገዋል።

ማን ይጠንቀቅ?

«ብርድ ይመታሃል» የሚሉ እናቶች አሉን። ለጤነኛ ሰው ግማሽ ሰዓት ከዜሮ በታች 5 ድግሪ ላይ በደንብ ለብሶ መቆም አያሰጋም፤ ስዊድን ውስጥ ሰው ክረምቱን ከዚህ በባሰ ብርድ እየሠራ ይኖራል። አስም ያለበት ሰው ግን ቀዝቃዛ ደረቅ አየር የአየር ቧንቧውን ሊያጠብበት ይችላል፤ ስፕሬዩን በኪሱ ይዞ፣ በአፍንጫው እየተነፈሰ፣ አፉን በሻርፕ ሸፍኖ ይግባ። የልብ ሕመም ያለበት፣ ወይም ብርድ ሲነካው ጣቱ ነጭ የሚሆንበትና የሚደነዝዝበት ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ። ሕፃን ልጅ ደግሞ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ በርዶኛል ብሎ መናገርም አይችልም። እጁንና አፍንጫውን እየነካችሁ ተከታተሉት፣ ሲቀዘቅዝ ጊዜ ሳታባክኑ ይዛችሁት ውጡ።

ስልክና ፎቶ

የስልክ ባትሪ ብርድ አይወድም። በሊቲየም ባትሪ ውስጥ ያለው ኬሚካላዊ ሥራ በብርድ ይቀዘቅዛል፤ 30 በመቶ ያሳይ የነበረ ስልክ ድንገት ሊጠፋ ይችላል። ሞልታችሁት ግቡ። ፎቶ በማታነሱበት ጊዜ ካባው ኪስ ውስጥ ሳይሆን ገላችሁ አጠገብ ባለው የውስጥ ኪስ ክተቱት። ቢጠፋ አትደንግጡ፣ ሙቀት ሲያገኝ ይመለሳል። ጓንት እንዳደረጋችሁ ስክሪን ስለማይሠራላችሁ ካሜራውን ቀድማችሁ ከፍታችሁ ያዙት፤ የድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ በብዙ ስልኮች ፎቶ ያነሳል። አንዳንድ ቤቶች የራሳቸው ፎቶ አንሺ ስላላቸው የግል ካሜራ ሊከለክሉ ይችላሉ፣ ይህንንም ቀድማችሁ ጠይቁ።

ፍላሽ አጥፉ። በረዶው ብርሃኑን መልሶ ይረጭና ፎቶው ነጭ ብቻ ይሆናል። በረዶው ውስጥ የተቀበረው መብራት ራሱ ይበቃል። ሰውዬውን ብርሃን ካለው ግድግዳ ፊት ለፊት አቁሙት እንጂ ጀርባውን አስሰጥታችሁ አታንሱት፣ ጥቁር ጥላ ብቻ ነው የሚወጣላችሁ።

ውስጥ ስትገቡ

መጀመሪያ ወደ ባንኮኒው አትሩጡ። ሰው ሁሉ እዚያ ስለሚሰለፍ የቀረው ክፍል ባዶ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ዙሩበት። ጣቶቻችሁ ገና ስላልደነዘዙ ፎቶውንም አሁኑኑ ጨርሱት።

ከዚያ በረዶውን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ከወንዝ የመጣ በረዶ እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነው፣ በውስጡ ወዲያ ማዶ ይታያል። እቤታችሁ ፍሪዘር ውስጥ ያለው ግን መሃሉ ነጭ ነው አይደል? ምክንያቱም የፍሪዘሩ ውኃ ከሁሉም ጎን ስለሚረጋ አየሩ መሃል ላይ ታፍኖ ይቀራል። ወንዙ የሚረጋው ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ እያለ ነው፤ ከሥር የሚፈሰው ውኃ ደግሞ አየሩንና ቆሻሻውን ይዞት ይሄዳል። ነጣ ያለ ግድግዳ ካያችሁ ደግሞ በረዶና አመዳይ ተደባልቆ የተጠቀጠቀ ነው፤ ሕንፃውን የሚሸከመው እሱ ሲሆን ጥርት ያለው ለቅርጻ ቅርጽና ለመስኮት ይውላል። በመጋዝና በመሮ የተሠራውን ጫፍ ጫፉን ተመልከቱ። ቀራጺው ስህተቱን መልሶ የሚለጥፍበት ዕድል ጠባብ ነው፣ ሥራውም ከወራት በኋላ እንደሚጠፋ እያወቀ ነው ያን ሁሉ የተጨነቀበት። እኔ ለዚህ ሙያ ያለኝ ክብር ትልቅ ነው፤ ቀራጺው ማን እንደሆነ በር ላይ ተጽፎ ከሆነ አንብቡት።

በባዶ እጅ አትነካኩ፣ አትደገፉ። ምላስ ማስነካትማ ፈጽሞ አይሞከርም፣ እርጥብ ቆዳ በጣም ከቀዘቀዘ ነገር ጋር ይጣበቃል። ለልጆቹም ንገሩልኝ። መቀመጫው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቆዳ ወይም አጎዛ ይነጠፍበታል፤ ካልተነጠፈ አትቀመጡ፣ ልብሳችሁ ይረጥብና ብርዱ ያን ጊዜ ይጀምራችኋል።

መጠጡ

ብርጭቆውን በጓንት፣ በሁለት እጅ ያዙ። እጀታ የለውም፣ ያንሸራትታል፣ ከወደቀም አለቀለት። በቀስታ ጠጡ፤ ከደቂቃዎች በኋላ አፋችሁ ያረፈበት ቦታ ይሟሟና ምቹ ጠርዝ ይሆናል። አንድ ጎን ብቻ እየሳሳ እንዳይሄድ ብርጭቆውን እያዞራችሁ ጠጡ።

ቢራ ለምን የለም አትበሉ። ቢራ ከዜሮ በታች 2 እና 3 ድግሪ ላይ መርጋት ይጀምራል፣ ወይን ጠጅም 5 እና 6 ላይ። ባለ 40 በመቶ ቮድካ ግን ከዜሮ በታች 27 ድግሪ ገደማ ካልደረሰ አይረጋም። አልኮል የሚሸጡት ባሮች በቮድካና በጣፋጭ ጁስ የሚሠሩት ለዚህ ነው።

አልኮል ሲጠጡ የሚሰማው ሙቀት ያታልላል። የቆዳ ሥር የደም ሥሮች ሰፋ ይሉና ፊታችሁ ይሞቃል፣ ግን በዚያው ልክ የሰውነታችሁ ሙቀት ወደ ውጭ ይወጣል። አንድ ጠጡ፣ ቢበዛ ሁለት። መድገም ከፈለጋችሁ በዚያው ብርጭቆ ጠይቁ፣ አዲስ ብርጭቆ በብዙ ቦታ ተጨማሪ ያስከፍላል። በጾም ወቅት ከሆነ አልኮል የሌለው የፍራፍሬ መጠጥ አለ፤ ትኩስ ቸኮሌት ካዘዛችሁ ግን ወተት እንዳለው ጠይቁ። ሆዳችሁን ባዶ አድርጋችሁ አትሂዱ፣ ምግብ የያዘ ሰውነት ብርዱን ይችለዋል።

ሲወጡ

መንቀጥቀጥ ከጀመራችሁ ሰዓቱ ባያልቅም ውጡ። ለከፈላችሁት ገንዘብ ብላችሁ አትታገሉ። መሃል ላይ ወጥቶ ሞቅ ብሎ መመለስ ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከመውጣታችሁ በፊት ስልኩን ወይም ካሜራውን ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከታችሁ አፉን እሰሩት። የቀዘቀዘ ዕቃ ሞቃት አየር ሲያገኝ ጤዛ ይለብሳል፣ ጤዛው ከውስጥ ከሆነ ደግሞ ያበላሸዋል። ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ ቀስ ብሎ ይሙቅ። መነጽር የምታደርጉም ወዲያው ጉም ስለሚለብስባችሁ በሩ ላይ ደረጃ እንዳትስቱ። ጣታችሁ ከደነዘዘ በብብታችሁ ሥር አሙቁት እንጂ በጣም የፈላ ውኃ ወይም የእጅ ማድረቂያ ማሽን ላይ አትደቅኑት፣ የደነዘዘ ቆዳ ሲቃጠል አይሰማውም።

መሄድ ላልቻላችሁ፣ ብርጭቆውን እቤት

አዲስ አበባ ወይም የትም ሆናችሁ የበረዶ ብርጭቆ መሥራት ይቻላል። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ያስፈልጋል፤ በመሃላቸው ዙሪያውን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑር። ውኃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የታሸገ ይሁን፣ ምክንያቱም ማርጋት ጀርም አይገድልም፣ ብርጭቆው ደግሞ እየቀለጠ አፋችሁ ይገባል።

ትልቁ ኩባያ ሥር ሁለት ሴንቲ ሜትር ውኃ አድርጉና ይርጋ። ትንሹን ኩባያ በላዩ አስቀምጡ፣ እንዳይንሳፈፍ በታጠበ ጠጠር ሙሉት፣ መሃል ላይ እንዲቆም ከላይ በፕላስተር አስሩት። ክፍተቱን በውኃ ሙሉት፤ ውኃ ሲረጋ ስለሚያብጥ እስከ አፉ አታድርሱት። ሌሊቱን ፍሪዘር ውስጥ ይደር። መብራት ከሄደ ፍሪዘሩን አትክፈቱ፣ ለሰዓታት ብርዱን ይዞ ይቆያል።

ስታወጡት ጠጠሩን አውጡና ትንሹ ኩባያ ውስጥ ለብ ያለ ውኃ አፍስሱ፤ ወዲያው ይላቀቃል። ትልቁንም ከውጭ በለብታ ውኃ አስነኩት። ሙቅ ውኃ ከሆነ ግን ብርጭቆው ይሰነጠቃል። እንግዳ እስኪመጣ መልሳችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። ስታቀርቡት ከሥሩ ትንሽ ሰሃንና ናፕኪን አድርጉለት፣ እንግዳውም በናፕኪኑ ጠቅልሎ ይያዘው። የምትቀዱበት ነገር ቀድሞ የቀዘቀዘ ይሁን። ብርዝ በጣም ያምርበታል፣ ጠጅም ይሄዳል፤ እየቀለጠ ስለሚያቀጥነው ግን ጠንከር ያለውን ምረጡ።